የብየዳው ማሽንም ‹‹አድሱኝ›› ይላል

  በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምናነሳው የአገራችንን ፖለቲካና የስደቱን ኑሮ ጣጣ ነው። ዛሬ ግን ለፖለቲካው ትንሽ እረፍት ሰጥተን ፊታችንን ወደ ብረታ ብረቱ ሥራ እናዞራለን። ‹‹ደግሞ ስለ ብየዳ ምን ይጻፋል?›› የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየምም። ይሁንና ይህን ጋዜጣ ከጥብሱና ከሽሮው አጠገብ ዘርግተው ከሚያነቡት ወገኖቻችን መካከል ቀኑን ሙሉ ከእሳትና ከብረት ጋር ሲታገሉ ውለው የሚመጡ ጥቂቶች አይደሉም። የተጎታች መኪናው፣ የደረጃው መደገፊያ፣ የሕንፃው ምሰሶ፣ የቧንቧው መስመር ያለ በያጅ አይቆምም። ሌላው ቢቀር አሁን የተቀመጣችሁበት ወንበር እግሩ ብረት ከሆነ የበያጅ እጅ ነክቶታል።

ከእነዚህ ወገኖቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ‹‹ማሽኑ አፕዴት አድርገኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ላድርገው ወይስ ልተወው?›› የሚል ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ከእጅ ስልክ አፕዴት የማይለይ ይመስላል። ስልክ አፕዴት ተደርጎ ቢበላሽ ግን ቢበዛ አንድ ቀን ከወዳጅ ዘመድ እንቆራረጣለን። የብየዳ ማሽን ሲበላሽ የሚቆመው እንጀራ ነው። ከዚያም አልፎ ብየዳው የያዘው ነገር ሰው የሚወጣበት ደረጃ ወይም ጋዝ የሚተላለፍበት ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው፤ ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና።

ድሮና ዘንድሮ

አገር ቤት በምናለሽ ተራም ሆነ በየሰፈሩ የበርና የመስኮት መሥሪያ የምናውቀው የብየዳ ማሽን ብረትና መዳብ ነው። ሆዱ ውስጥ ሽቦ የተጠቀለለበት ትራንስፎርመር፣ ላዩ ላይ አምፒር መጨመሪያና መቀነሻ፣ ከጎኑ ሁለት ወፍራም ኬብል፤ አለቀ። ብዙዎቹ እዚያው አገር ቤት በባለሙያ እጅ የተጠቀለሉ ናቸው። ሲቃጠል ሽታው ይናገራል። ጠጋኙም ፈትቶ፣ የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቶ፣ አዲስ ጠቅልሎ ይመልሰዋል። ማሽኑ ‹‹አድሱኝ›› ብሎ አያውቅም። አዋቂው በያጁ እንጂ ማሽኑ አልነበረም።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ኢንቨርተር የሚባለው ሲመጣ ነው። የፊንላንዱ ኬምፒ ኩባንያ ሂላርክ 250 የተባለውን ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር። ኢንቨርተር ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጠዋል። ከዚያ በትራንዚስተሮች አማካይነት በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ መልሶ ይቆራርጠዋል። የመቆራረጡ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ያንሳል። ቀድሞ ሁለት ሰው የማያነሳው ማሽን ዛሬ እንደ ሻንጣ በአንድ እጅ የሚንጠለጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ መጣ። የኦስትሪያው ፍሮኒየስ ኩባንያ ሙሉ በሙሉ በዲጂታል የሚመራ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ ላይ አዋለ። የአሜሪካኖቹ ሊንከን ኤሌክትሪክና ሚለርም በየበኩላቸው በዚሁ መንገድ ገፉበት። ዛሬ ደህና በሚባል የሚግ ማሽን ላይ ባለሙያው የብረቱን ዓይነት፣ የሽቦውን ውፍረትና የጋዙን ዓይነት በስክሪኑ ላይ ይመርጣል፤ ቮልቴጁንና የሽቦውን ፍጥነት ማሽኑ ራሱ ያመጣጥናል። ይህ አሠራር ሲነርጂክ ይባላል። ፐልስ በሚባለው አሠራር ደግሞ ማሽኑ ጅረቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ በእያንዳንዱ ምት ከሽቦው ጫፍ አንድ ጠብታ የቀለጠ ብረት እንዲወርድ ያደርጋል። ይህ በሰከንድ ከአሥሮች እስከ መቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ የሚደጋገም ነው። እንኳን የሰው እጅ፣ የሰው ዓይንም አይከተለውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ‹‹ዕውቀት›› ማሽኑ የተሸከመው በሶፍትዌር ነው። ለየትኛው ሽቦ ምን ያህል ጅረት፣ ለስንት ጊዜ፣ በምን ዓይነት ቅርጽ የሚለው ሁሉ እንደ ሠንጠረዥ ተጽፎ ተቀምጧል። አፕዴት ማለት ይህ የተጻፈው ሲታረም፣ ሲጨመርበት ወይም ሲቀየር ማለት ነው። ማሽኑ ድሮ ብረት ነበር። ዛሬ ብረትም መጽሐፍም ሆኗል። የመጽሐፍ ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አዲስ እትም ይወጣል።

አፕዴቱ ምን ይዞ ይመጣል?

አንደኛው ዓይነት የስህተት እርማት ነው። አንዳንድ ማሽን በተወሰነ ሁኔታ ሲሠራ ያለ ምክንያት የስህተት ቁጥር ያሳያል ወይም አርኩ ሲነሳ ይንገራገጫል። አምራቹ ስህተቱን ሲደርስበት አርሞ ይልካል። ይህን ዓይነቱን መተው ሕመምን አቅፎ እንደ መኖር ነው።

ሁለተኛው አዲስ ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ሲገዛ የማያውቀውን የሽቦ ወይም የጋዝ ዓይነት እንዲያውቅ፣ ወይም አዲስ አሠራር እንዲጨመርለት የሚደረግ ነው። ከነዚህ አንዳንዱ በነፃ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ይሸጣል። ማሽኑ ውስጥ አቅሙ ኖሮ ቁልፉ ግን ለብቻ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። መኪና ገዝቶ ሦስተኛውን ማርሽ ለብቻው እንደ መግዛት ማለት ነው።

ሦስተኛው ማሽኑን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ነው። ይህ ሲሆን ማሽኑ አርኩ ስንት ደቂቃ እንደ በራ፣ ስንት ሽቦና ስንት ጋዝ እንደ ተበላ፣ ብየዳው ከተወሰነው ልክ ወጥቶ እንደ ሆነ መዝግቦ ለቢሮው ይልካል። ለአሠሪው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሠራተኛውም አንድ ነገር ማወቅ አለበት። አርኩ ያልበራበት ጊዜ ሁሉ ሥራ የተፈታበት ጊዜ አይደለም። ብረት መቁረጥ፣ ማጽዳት፣ መግጠም፣ መለካት ሁሉ ሥራ ነው፤ የማሽኑ ቆጣሪ ግን አያየውም። ስለዚህ በቆጣሪው ብቻ ‹‹ሰንፈሃል›› የሚባል ወገን ካለ መልሱን ከወዲሁ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። የሚመዘገበውን ነገርና ለምን እንደሚመዘገብ በትሕትና መጠየቅም ነውር አይደለም።

አፕዴቱ የሚጫንበት መንገድ እንደ ማሽኑ ይለያያል። በሚለር ዳይነስቲ 210 ላይ ከፊት ለፊቱ ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ማሻሻያው በካርዱ ይጫናል። የሊንከን ፓወር ዌቭ ማሽኖች በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኛሉ። የፍሮኒየስ ቲ ፒ ኤስ አይ ደግሞ በኮምፒዩተር ላይ በሚከፈት የራሱ ገጽ በኩል ይታደሳል። ሌሎች በፍላሽ ይጭናሉ። ‹‹የጓደኛዬ ማሽን እንዲህ ነው የተሠራው›› ብሎ የራስን ማሽን በጓደኛ መመሪያ መንካት አያዋጣም። መመሪያው የየማሽኑ ነው።

ሳያድሱ የተቃጠሉ፣ አድሰው የተቃጠሉ

‹‹ታዲያ ላድስ ወይስ ልተው?›› ወደሚለው ስንመጣ፣ በዚህ ጉዳይ ዓለም በቅርብ ዓመታት ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች አግኝታለች። ሁለቱም ከብየዳ ማሽን ውጭ ቢሆኑም ለእኛ ጥያቄ ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የደረሰው ነው። ዋናክራይ የተባለ ኮምፒዩተር ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተዛመተ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕመምተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። የፈረንሳዩ ሬኖ አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎቹን ለማቆም ተገደደ። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን እርማት ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት አውጥቶት ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው ያላደሱት ናቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይህ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 የሆነው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው ማሻሻያ እንከን ስለ ነበረበት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ሰማያዊ ስክሪን ይዘው ቀሩ። አውሮፕላኖች ሳይነሱ ቀሩ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። እዚህ የተጎዱት ደግሞ ማሻሻያው እንደ ወጣ የደረሳቸው ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከሁለቱ የምንማረው ‹‹ሁልጊዜ አድስ›› ወይም ‹‹ከቶ አትንካ›› የሚል ሕግ እንደሌለ ነው። ማሽኑ ከኔትወርክ ጋር የተገናኘ ከሆነ የደኅንነት እርማትን ማዘግየት ቤትን ሳይዘጉ እንደ መተኛት ነው። ማሽኑ ለብቻው የቆመ፣ ሥራውን በደንብ የሚሠራ፣ አዲሱ እትም ይዞ የመጣው ነገርም ለእናንተ ሥራ የማይጠቅም ከሆነ ግን ማደሱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ቁም ነገሩ አምራቹ ከማሻሻያው ጋር የሚያወጣውን ዝርዝር ማንበብ ነው። ምን ታረመ? ምን ተጨመረ? ምን ተለወጠ? ይህን ሳያነቡ ‹‹እሺ›› የሚለውን መጫን ሳያነቡ ውል ላይ መፈረም ነው።

ማሽኑና ወረቀቱ

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ወደማያስበው፣ ነገር ግን የበለጠ ወደሚያስጠይቀው ጉዳይ እንግባ። በዚህ አገር ኃላፊነት ያለበት ብየዳ በዘፈቀደ አይሠራም። ደብሊው ፒ ኤስ የሚባል የአሠራር ወረቀት አለው። የብረቱ ዓይነት፣ ሽቦው፣ ጋዙ፣ አምፒሩ፣ ቮልቴጁና የጉዞው ፍጥነት በልክ ተጽፈዋል። አሠራሩ የተፈተነ ሲሆንም ብየዳው ተቆርጦ፣ ታጥፎና ተጎትቶ ጥንካሬው የታየበት ነው። ከተፈቀደው ልክ ከወጡ ሥራው ሊጣል ይችላል።

በድሮው ማሽን ሙቀቱን ለማስላት ቮልቴጁን በአምፒሩ፣ ከዚያም በ60 አባዝቶ ለጉዞው ፍጥነት ማካፈል ይበቃ ነበር። ለምሳሌ በ24 ቮልትና በ200 አምፒር በደቂቃ 12 ኢንች የሚጓዝ በያጅ በእያንዳንዱ ኢንች 24,000 ጁል ያስገባል። በፐልስ ማሽን ግን ጅረቱ በየቅጽበቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በመለኪያው ላይ የሚታየው አማካይ ቁጥር እውነተኛውን ሙቀት ላያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በብየዳ ሕጉ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ፣ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ፣ ማሽኑ ራሱ በየቅጽበቱ ለክቶ በሚያወጣው የኃይል መጠን ሙቀቱ የሚሰላበትን መንገድ አስገብቷል። አንዳንድ ቀደም ያሉ ማሽኖች ይህን ቁጥር ማሳየት የሚችሉት ሶፍትዌራቸው ሲታደስ ነው። እዚህ ላይ አፕዴቱ ቅንጦት መሆኑ ይቀርና የግድ ይሆናል።

ተቃራኒውም አለ። አንድ ወዳጃችን በአንድ የብረታ ብረት ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ዓርብ ማታ ከሥራ ሊወጣ ሲል ማሽኑ ‹‹አዲስ እትም አለ፣ ልጫን?›› ብሎ ጠየቀው። ደግ የሠራ መስሎት ‹‹አዎ›› አለ። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ፕሮግራም መርጦ፣ ያንኑ ቁጥር ሞልቶ ሥራውን ቀጠለ። ብየዳው ለዓይን ያምር ነበር። ተቆጣጣሪው መጥቶ የማሽኑን የእትም ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያይ ግን አልገጠመም። የተፈተነው በአሮጌው እትም ነው፤ በአዲሱ ፕሮግራሙ ተሻሽሏል። አሠራሩ እንደገና እስኪፈተን ድረስ የሁለት ቀን ሥራ ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። ብየዳው ኋላ ፈተናውን አለፈ። ይሁን እንጂ በመሐሉ ‹‹ማን ንካ አለህ?›› የሚለውን ጥያቄ የመለሰው ያው ወዳጃችን ነው። አለቃው ‹‹አትንካ›› ብሎት አያውቅም፤ ‹‹ንካ››ም አላለውም። የጽሑፍ ትእዛዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ጣቱ ግን የእሱ ነበረች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በብየዳ ሥራ ደግሞ ወረቀቱ ሞኝ አይደለም። ስለዚህ በቅጥር የምትሠሩ ወገኖቻችን ማሽኑ ሲጠይቃችሁ ‹‹በኋላ›› የሚለውን ተጭናችሁ ለአለቃችሁ ተናገሩ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ። በስልክ መልእክት የመጣች አንዲት መስመርም ወረቀት ናት። በነገራችን ላይ፣ ለአሠራሩ የሚሰጠው ወረቀትና ለባለሙያው የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የተለያዩ ናቸው። የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ምስክር ወረቀት ያላችሁ፣ በየስድስት ወሩ ሥራውን ሳታቋርጡ መሥራታችሁን የሚያረጋግጠውን ቅጽ ማስገባት አትርሱ። ማሽኑ ታድሶ የባለሙያው ወረቀት ጊዜው ቢያልፍ ምን ይጠቅማል?

ለማደስ ከተወሰነ

ማሽኑ የራሳችሁ ከሆነ ወይም ፈቃዱን ካገኛችሁ፣ ከሥራው ባለቤቶች የሰበሰብነውን እነሆ።

አንደኛ፣ አሁን ያለውን የእትም ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። በማሽኑ ውስጥ ያስቀመጣችኋቸውን ቁጥሮችም አንድ በአንድ ገልብጡ፣ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እድሳቱ አንዳንዴ ማሽኑን ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ይመልሰዋልና በብዙ ሙከራ ያገኛችሁት ልክ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሶፍትዌሩን ከአምራቹ ወይም ከሕጋዊ ወኪሉ ብቻ ውሰዱ። ‹‹አንድ ልጅ ጋር አለ›› የሚባለው ፍላሽ ምን እንደያዘ የሚያውቀው ያ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ካወቀ። የማሽኑን ሞዴልና መለያ ቁጥር አመሳክሩ። ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ የተለያየ ማሽን ሞልቷል።

ሦስተኛ፣ የሽቦ መጋቢው ከዋናው ማሽን የተለየ ከሆነ ሁለቱም የየራሳቸው ሶፍትዌር ሊኖራቸው ይችላል። አንዱን አድሶ ሌላውን መተው ባልና ሚስትን ያለ አስተርጓሚ በተለያየ ቋንቋ እንደ ማነጋገር ነው፤ ትርፉ የስህተት ቁጥር ነው።

አራተኛ፣ በእድሳቱ መሐል መብራት እንዳይቋረጥ ተጠንቀቁ። አሮጌው ጽሑፍ ተፍቆ አዲሱ ሳያልቅ ኃይል ከተቋረጠ ማሽኑ የማይነሳ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። በሚንተፋተፍ ጀነሬተር፣ ወይም ሌላ ከባድ ማሽን እየተነሳ በሚጠፋበት መስመር ላይ አትጀምሩ። ካርዱን ወይም ፍላሹን ‹‹ጨርሻለሁ›› ሳይል አትንቀሉ። ምንም ቢሆን ክዳኑን ከፍታችሁ እጃችሁን አታስገቡ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከግድግዳው ከተነቀሉ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

አምስተኛ፣ ጊዜውን ምረጡ። ነገ ጠዋት የሚረከብ ሥራ እያለ ዛሬ ማታ አይታደስም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስድስተኛ፣ ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ደንበኛው ሥራ አትግቡ። ከዚያው ብረት ቁራጭ አምጡና በያይዙ፤ ቆርጣችሁ እዩት፤ አጥፋችሁ ሞክሩት። ያማረ ገጽ ሁሉ ሥሩ ድረስ ቀልጦ የገባ አይደለም። ቀኑንና አዲሱን የእትም ቁጥር በደብተር መዝግቡ። ያ ደብተር አንድ ቀን ጠበቃችሁ ይሆናል።

ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ማሽን

ለወንድም ወይም ለእኅት ልጅ ‹‹ራሱን ይቻልበት›› ብሎ የብየዳ ማሽን ገዝቶ መላክ በመካከላችን የተለመደ ደግነት ነው። ከአንድ ጊዜ ገንዘብ ይልቅ የሥራ መሣሪያ መስጠት የተሻለ እንደሆነ እኛም እናምናለን። ግን ጥቂት ነገር ልብ እንበል።

የአሜሪካ መብራት 120 እና 240 ቮልት፣ ድግግሞሹም 60 ኸርዝ ነው። የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ የድሮ ትራንስፎርመር ማሽን በ50 ኸርዝ ላይ ያለ ልኩ ሊሞቅ ይችላል። ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ስለሚለውጠው በዚህ በኩል ይሻላል። ቢሆንም ማሽኑ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ሁለቱም መጻፋቸውን ሳያዩ አይገዛም።

ሁለተኛው ነገር ሶፍትዌሩ ነው። ስክሪኑ ያሸበረቀ፣ ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገር ማሽን ለልጁ ከመላካችን በፊት ‹‹እዚያ ሲበላሽ ማን ያድሰዋል?›› ብለን እንጠይቅ። ወኪሉ ከሌለ፣ የአምራቹ ቁልፍ ከሌለ፣ መብራቱም እየመጣ የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ውድ ማሽን የቤት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ለበርና ለመስኮት ሥራ አንድ ጠንካራ ተራ ኢንቨርተር ይበቃል። የግድ ኮምፒዩተራም ማሽን መላክ ካለበት እዚሁ እያለ ይታደስ፤ ይሞከር፤ መመሪያውና የሶፍትዌሩ ቅጂ በፍላሽ አብሮት ይሂድ። ልጁም አሠራሩን በአማርኛ የሚያስረዳው ሰው ያግኝ።

ማሽኑ የማን ነው?

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ እንጣል። ገንዘቡን ከፍለን የገዛነውን ማሽን ለመጠገን የአምራቹን ቁልፍ መለመን ካለብን ማሽኑ የማን ነው? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። የኮሎራዶ ገበሬዎች ትራክተራቸውን ራሳቸው ለመጠገን ሲታገሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀ ሕግ አገኙ፤ ከጥር 2024 ጀምሮም ሥራ ላይ ውሏል። አምራቾች ለጥገና የሚያስፈልገውን መሣሪያ፣ ሶፍትዌርና መመሪያ ለባለቤቱም እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ በንግድ ቤቶች ያሉ የምግብ ማዘጋጃ ማሽኖችን ለመጠገን የሶፍትዌር ቁልፋቸውን መክፈትን ፈቀደ። አይስክሬም ማሽን የሚጠግን ሰው እፎይ አለ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ፈቃዱ ለኢንዱስትሪ መሣሪያዎች ሁሉ እንዲሰፋ ቀርቦ የነበረው ጥያቄ ግን ተቀባይነት አላገኘም። የብየዳ ማሽን ከሁለተኛው ወገን ነው።

ስለዚህ ዜግነት ያላችሁ ወገኖቻችን፣ የግዛት ምክር ቤት ተወካያችሁ ድምፅ ፍለጋ ወደ እናንተ ሲመጣ ከኢትዮጵያ ጉዳይ ጎን ይህንንም አንሱለት። ባለ ብዙ ሚሊዮን ድርጅት ሲቸገር ጠበቃ ይልካል። አንድ ማሽን ያለው ወገናችን ሲቸገር ግን የሚልከው ሰው የለውም።

ሌላም በእጃችን ያለ ነገር አለ። በየከተማው የኮሙኒቲ ማእከል አለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚውል አዳራሽ አለን፤ በሙያው ሃያ ዓመት የሠሩ ሰዎች አሉን። እንግሊዝኛውን መመሪያ አንብቦ ለአዲስ መጪው በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው አጥተን አይደለም፤ መጥራት አቅቶን ነው። ሁለት ባለሙያና አንድ እንግሊዝኛ የሚያቀና ወጣት ተቀምጠው የአንድ ማሽን መመሪያ አንድ ገጽ አማርኛ ቢያወጡለት፣ ያ ገጽ በማሽኑ ጎን ተለጥፎ ስንት ሰው ከመባረር ያድናል! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ባለ እጅ በአገራችን ለዘመናት ‹‹ቀጥቃጭ›› እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። የሚሰድበው ሰው ግን የሚያርስበትን ማረሻ ከዚያው ከተሰደበው እጅ ይቀበል ነበር። በስደት አገር ያ እጅ ኮምፒዩተርም ተጨምሮበታል። ማሽኑ ‹‹አድሱኝ›› ሲል እሺም እንቢም ማለት የሚችለው የሚጠየቀውን ነገር የተረዳ ሰው ነው። ወገናችን ያን ሰው እንዲሆን እንመኛለን።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ቸር ወሬ ያሰማን፣ ቸር ይግጠመን!